ድምፅ በምን ይለካል? ከሲዳማ ሶንጎ እስከ ቶከን ባለቤቶች ድምፅ አሰጣጥ

ማንኛውም ማኅበር ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በምን እንደሚለካ መወሰን ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መለኪያ በልዩ ልዩ ጊዜ የያዘውን መልክ መመርመር ነው።

ሀ. በመደማመጥ

በሐዋሳ የሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የሚያከብርበት አደባባይ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሕዝቡ ጉዳይ በልማድ የሚመከረው ሶንጎ በተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። በዚያም «አፊኒ» ማለትም «ሰማችሁ ወይ» እየተባባሉ፣ «ሀላሌ» የተባለው እውነት እስኪወጣ ይመክራሉ እንጂ እጅ አይቆጥሩም። ሆኖም ተናጋሪዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ሽማግሌዎች ስለ ነበሩ የመደመጥ ዕድሉ ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ለ. በሰው ቁጥር

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ክልልነትን የደገፈ ሻፌታን፣ በነበረው ክልል መቆየትን የፈለገ ጎጆን መረጠ። ሴትም ወንድም፣ ባለጸጋም ድኻም አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። ለክልልነት የተሰጠው ድምፅ 98.51 በመቶ ሆነ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ይህንኑ መርሕ በመከተል ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ሰጥቷል።

ሐ. በሀብት መጠን

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ድምፅን ከተያዘው ካፒታል ጋር አዛምዷል። ብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒዩተሮች የሚጠበቅ የጋራ መዝገብ፣ በአመዛኙ የወረሰው ይህንኑ መለኪያ ነው፤ ብዙ ቶከን የያዘ ብዙ ድምፅ አለው። አደጋውም እ.ኤ.አ. በ2022 ቢንስቶክ በተባለው ድርጅት ላይ ታየ። አንድ አጥቂ ለቅጽበት በተበደረው ገንዘብ አብላጫ ድምፅ አግኝቶ የራሱን ሐሳብ አጸደቀ፤ የጋራውን ሀብት አውጥቶ ብድሩን እዚያው መለሰ። ጉዳቱ 182 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ። ደንቡ ድምፅ ሰጪው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ያዘ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ መዝገቡ ስሕተት አላየም።

መደምደሚያ

ጉዳዩ ለትምህርት ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን አማካይነት ለመያዝ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር መስማማቱ ተገልጾ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2025 ጥር ወዲህ የካርዳኖ ደንብ የሚሻሻለው አዳ የተባለው ገንዘቡ ባለቤቶች በወኪሎቻቸው በሚሰጡት ድምፅ ጭምር ሲሆን፣ የወኪሉ ድምፅ ክብደት በወከለው አዳ መጠን ይለካል። በመሆኑም መምህሩና ተማሪው ገንዘቡን ካልያዙ፣ ማስረጃቸው በሚቀመጥበት መዝገብ ደንብ ላይ ድምፅ የላቸውም።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪ እንዲህ ያለውን መዝገብ ሲመርጥ፣ ከፍጥነቱና ከጥንካሬው አስቀድሞ ደንቡን የሚለውጠው ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባል። መምህሩም ሦስቱን መለኪያዎች በሥነ ዜጋ ትምህርት ጎን ለጎን ቢያቀርብ፣ ተማሪው «ድምፅ ተሰጠ» ሲባል «በምን ተለክቶ?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።