ሙቀት፣ ትኩሳትና ንዳድ

በአማርኛ ሙቀት የሚለው ቃል የተሸከመው ትርጉም ብዙ ነው። ድግሱ ሲደምቅ ሞቀ ይባላል፤ ገበያውም ሲጦፍ እንዲሁ። ጠጅ የቀማመሰ ሰው ሞቅ ብሎታል፤ ለአራስ የሚቀርበው ሙቅ ስሙን ያገኘው ከዚያው ግንድ ነው። ትኩስ የሚለውም ቃል የሚያቃጥለውን ብቻ ሳይሆን አዲሱን ጭምር ያመለክታል፤ ትኩስ ወሬ እንዲሉ። በዚህ ወገኑ ሙቀት ሕይወትና ደስታ ነው። በሌላው ወገኑ ግን ደዌ ነው፤ ለጤና ባለሙያም ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ይኸኛው ነው።

ሕዝቡ የደዌውን ሙቀት በአንድ ስም አልጠራውም። ምች መታው ሲባል ጠንቁ ከውጭ የመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም የጸሐይ ኃይል ነው ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ዳማ ከሴ ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይጠጣል፣ ገላም ይታሽበታል። ትኩሳት በሰውነት ላይ የሚዳሰሰው ነው። ንዳድ ግን መንደድ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ከሁሉ የከፋውን፣ ቆላ ወርዶ የተመለሰውን ደገኛ የሚጥለውን፣ ዛሬ በይበልጥ ወባ የሚባለውን ያመለክታል።

በዚህ በሽታ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ሕመምተኛው ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢ እያስደረበ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት የሰውነቱ ሙቀት ሽቅብ በመውጣት ላይ ነው። ስሜትና ልክ አይገጥሙም። ጀርመናዊው ሐኪም ቩንደርሊኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ትኩሳት በቴርሞሜትር ተለክቶ በሰንጠረዥ እንዲከታተሉት ያስተማረው ስለዚህ ነው። (በአማርኛ ግን ሙቀት ለራሱ ለሙቀቱም ለልኩም የሚያገለግል ስለሆነ፣ የመማሪያ መጻሕፍት «መጠን» የሚል ቃል ሊጨምሩበት ግድ ሆኖባቸዋል።)

የደጋው ሰው የቆላ ሐሩር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይነድዳል ብሎ ያምን ነበር። በዚህ እምነቱ ሊናቅ አይገባውም፤ ጣልያኖችም «ክፉ አየር» ብለው ነበር ማላርያ የሚለውን ስም ያወጡት። ላቬራን በ1880 ጥገኛ ተሕዋስያኑን በሕመምተኛ ደም ውስጥ፣ ሮስም በ1897 በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኙ። በዚህ ጊዜ ሐሩሩ ከክሱ ነጻ የወጣ መሰለ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አልወጣም፤ ተሕዋስያኑ በትንኟ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻልና። አየሩ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በወረደ ጊዜ አደገኛው የወባ ዓይነት እድገቱን ሊፈጽም አይችልም ማለት ይቻላል። አየር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አባቶች ቆላ አታድሩ ሲሉ ምክንያቱን ስተውት ይሆናል እንጂ ወሰኑን አልሳቱም።

ወሰኑ ራሱ የተሰበረበት ዘመን ግን መጣ። በ1958 ዝናቡ በዝቶ፣ አየሩም ከወትሮው ሞቆና ረጥቦ ስለነበር፣ ወባ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ላይ ወጣች። በጊዜው በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ ሞተ። እልቂቱን ያከፋው የበሽታው ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ በሽታውን ለምዶ የመቋቋሚያ ኃይል ያላገኘ ደገኛ መሆኑ ነው። ደጋነቱ ለዘመናት የጠበቀው ሰው በዚያው በደጋነቱ ተጎዳ።

በማግሥቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የቤቶችንም ግድግዳ በዲዲቲ መርጨት ዋና ሥራው ሆነ። ማጥፋት የሚለው ቃል በኋላ ዘመን ወደ መቆጣጠር ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ማለቱም አግባብ ነበረው።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቢሾፍቱ አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች ከተሰበሰበው የሕሙማን መዝገብ ተነሥቶ፣ ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ፣ ቀዝቀዝ ባሉትም እንደምትወርድ አሳይቷል። በቆላና በደጋ መካከል ያለው መሥመር በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ ነው።