ፀረ ርጋት፤ ስለ አንድ ፈሳሽና ስለ ስሙ

ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚሄደው መንገድ ባቢሌን ሲያቋርጥ፥ እንደ ሌሎቹ የአገራችን የመንገድ ከተሞች ሁሉ፥ በመኪና ዕቃ መደብሮች ውስጥ ከዘይቱና ከጎማው አጠገብ አረንጓዴ ወይም ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጀሪካን ተቀምጦ ይገኛል፤ ሹፌሮች «ኩላንት» ይሉታል፥ በዕቃው ላይ ግን ብዙ ጊዜ «አንቲፍሪዝ» የሚል ስም ታትሞበታል። ኦቾሎኒ በሚለቀምበት፥ ግመል በሚሸጥበትና ዝሆን በሚጠበቅበት በዚህ ሞቃት አገር፥ ውሃ ወደ በረዶነት እንዳይለወጥ የሚከለክል መድኃኒት ለምን ይሸጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስሙን ሳይመረምሩ መቀበል ግን፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ በንብረትም በነፍስም ላይ ጉዳት ያመጣል።

ቃሉ የመጣው ቁር ከሚበረታበት ሰሜናዊው ዓለም ነው። በዚያ አገር በጨው አልባ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያሰግር ሰው፥ የጀልባው ሞተር ሲሠራ ራሱን የሚያቀዘቅዘው አብዛኛውን ጊዜ የሐይቁን ውሃ እየሳበ በአካሉ ውስጥ በማዞር ስለሆነ፥ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ያን ውሃ አፍስሶ በምትኩ ይህን ፈሳሽ ይሞላበታል፥ ጀልባውንም አውጥቶ በየብስ ያሳርፈዋል። አደጋው የሚበረታው ግን በረዶው ሁሉ በሚጸናበት በክረምቱ መካከል ሳይሆን፥ ሰው ሁሉ ብርዱ አለፈ ብሎ ልቡን በሚያሳርፍበት በጸደይ ነው፤ አስጋሪው መድኃኒቱን አጥቦ ሞተሩን አስነሥቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲያሰግር ከሰነበተ በኋላ፥ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ነፋሱም የተኛ አንድ ሌሊት ይመጣና፥ በሞተሩ ሥርቻ የቀረው ጥቂት ውሃ ረግቶ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

የሰሜኑ ሰዎች ጸደይ የሚሏቸው ወራት ቤተ ክርስቲያናችን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ድረስ ጸደይ ብላ ከምትቆጥረው ዘመን ጋር በአብዛኛው ይገጥማሉ። የእኛ ውርጭ ግን የሚወርደው በመፀውና በበጋ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደመና የለሽ ሌሊቶች ነው፤ ከባቢሌ ወደ ምዕራብ ርቆ በማይገኘው በሐረማያ ደጋ ጫትና አትክልት የሚያለማ ገበሬ ውርጭ የመታው ቅጠል ምን እንደሚመስል በሚገባ ያውቃል። ምክንያቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፥ ደመና ቢኖር ከፊሉን ይመልስላት ነበር፥ ነፋስም ቢነፍስ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ያወርድላት ነበር፤ ሁለቱም ሲታጡ መሬት የነካው አየር ከሁሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ስለዚህም በሐይቁ ላይ የምትንሳፈፍ ጀልባ በየብስ ከተጎተተችው ይልቅ የተጠበቀች ናት፤ ከበታቿ ያለው ውሃ ሙቀቱን በቶሎ የማይጥል ሰፊ ጎተራ ሲሆንላት፥ በተሽከርካሪ ላይ የቆመችው ግን በአራቱም ማዕዘን ለብርዱ የተጋለጠች ናትና። ልምድ ያለው አስጋሪ ብርድ የሚያሠጋ ሌሊት ሲመጣ መድኃኒቱን እንደገና እስኪሞላ አይጠብቅም፤ የማፍሰሻዎቹን ቡሽ ፈትቶ ውሃውን ጠብታ ሳያስቀር ያወጣዋል፤ ባዶ በሆነ ቦታ የሚረጋ ነገር የለምና።

ብረቱን የሚሰነጥቀው የውሃ ልዩ ጠባይ ነው። ፍጥረታት በአብዛኛው ሲቀዘቅዙ ይሰበሰባሉ፤ ውሃ ግን እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደ ሌሎቹ ሲሰበሰብ ቆይቶ ከዚያ በኋላ መስፋት ይጀምራል፥ በዜሮ ዲግሪ ረግቶ በረዶ ሲሆንም መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል። ይህ ጠባይ ሐይቁ ከላይ ረግቶ ከታች ፈሳሽ እንዲሆን፥ ዓሦቹም ከበረዶው በታች በሕይወት እንዲኖሩ የሚያደርግ ታላቅ ቸርነት ነው፤ መውጫ በሌለው የብረት ዕቃ ውስጥ ለተዘጋ ውሃ ግን መስፋቱ የጥፋት ኃይል ይሆናል።

አሁን ወደ ፈሳሹ ባሕርይ እንመለስ። ዋናው ንጥረ ነገር ኤትሊን ግላይኮል ይባላል፤ መጀመሪያ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የኬሚያ ሊቅ ሻርል አዶልፍ ዉርትዝ በ1856 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፥ ለመኪና ሞተር በሰፊው መዋል የጀመረው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በ1920ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰዎች የሚጨምሩት በቶሎ የሚተነውን አልኮል ነበረ። ይህ ፈሳሽ ሙቀት አይሰጥም፥ ብርዱንም አያባርርም፤ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የውሃ ቅንጣቶች ተሰልፈው የበረዶን ሥርዓት እንዳይሠሩ በመካከላቸው ገብቶ ያውካቸዋል፥ ስለዚህ ውህዱ ለመርጋት ከዜሮ እጅግ የወረደ ብርድ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ግማሽ ውሃ ግማሽ ግላይኮል የሆነው ውህድ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ የማይረጋ ሲሆን፥ ውሃ ያልገባበት ንጹሑ ግላይኮል ግን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጋቱ ነው፤ ብዙ የጨመረ ብዙ ይጠበቃል የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም። ተፈጥሮም ይህን ጥበብ ከሰው አስቀድማ ታውቀዋለች፤ በደቡብ ዋልታ ባሕር የሚኖሩ ዓሦች በደማቸው ውስጥ የበረዶን ቅንጣት እያቀፈ እንዳያድግ የሚከለክል ፕሮቲን ስላላቸው፥ ጨዋማው ባሕር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሊደርስ ሲቃረብ እንኳ እነርሱ ሳይረጉ ይዋኛሉ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ስሙን በቋንቋችን ማውጣት አይከብድም። «ፀረ በረድ» ቢባል፥ በረድ በግእዝም በልማድም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ስለሚያስታውስ፥ ገበሬው ለአዝመራው የመጣ መድኃኒት ሊመስለው ይችላል፤ «ፀረ ውርጭ» ቢባል ቃሉ ቅጠል ላይ ያርፋል እንጂ ሞተር ውስጥ አይገባም፤ «ፀረ ቁር» ደግሞ ከጋቢና ከቡልኮ የሚለየው የለም። ፈሳሹ የሚቃወመው ብርዱን ሳይሆን መርጋትን ነው፤ በሐረር ደጋ በማለዳ የረጋው ቅቤ ባቢሌ ሲወርድ እንደሚፈስስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ስለዚህ ፀረ ተባይና ፀረ አረም በሚባሉበት ሥርዓት «ፀረ ርጋት» ብንለው ቃሉ ቀና፥ ትርጓሜውም እውነተኛ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የደም መርጋትን የሚከለክለውን መድኃኒት ሕዝቡ «ደም ማቅጠኛ» ብሎ ስለሚጠራው በሁለቱ መካከል መደናገር አይፈጠርም።

ለባቢሌ ሰው የሚጠቅመው ግን የፈሳሹ ሁለተኛ ወገን ነው። ፀረ ርጋት የመርጊያውን ነጥብ ዝቅ ሲያደርግ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ እኩል በእኩል የሆነው ውህድ ክዳን በሌለው ዕቃ እንኳ የሚፈላው በ107 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህም ጋር ዝገትን የሚከላከሉ ቅመሞች ይጨመሩበታል። ጭኖ የካራማራን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ሞተሩ የሚግለውና ቴስታታው የሚጣመመው ከብርድ የተነሣ አይደለም፤ ስለዚህ «እዚህ በረዶ የለም» ብሎ ራዲያተሩን የጉድጓድ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሹፌር ስሙ አሳስቶታል። ውሃው ከዓለት ያሟሟው ማዕድን፥ ለጠጪው ቢስማማም፥ በራዲያተር ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ሲግል እየተጋገረ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ከፀረ ርጋት ጋር የሚቀላቀለው ውሃም የተጣራ መሆን ይገባዋል። አረንጓዴነትም ሆነ ቀይነት የቀለም ጉዳይ ነው፥ የጥራት ምስክር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ኤትሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፥ መርዝ መሆኑንም ምላስ አይለየውም፤ በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ በኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ እየጠጠረ ይገድላል። የጠጣው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሰከረ ብቻ ይመስላል፥ ከዚያም የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ሕክምና የሚጠቅመው ግን በዚያው ጊዜ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ሌላው ዓይነት ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፥ ከጀልባ ወደ ሐይቅ ሊፈስስ የሚችለውን ሲመርጡ ብዙ አስጋሪዎች እርሱን ይመርጣሉ፤ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ግን የትኛው እንደሆነ በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ባዶ ዕቃ አይጣልም፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የባቢሌና የጅጅጋ ነጋዴዎች፥ ጋራዦችና ሹፌሮች ሆይ፥ ፀረ ርጋት የነበረበትን ጀሪካን ቀድዳችሁ አስወግዱት እንጂ ለመጠጥ ውሃ አትስጡት፤ ትርፉንም በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ከራዲያተር ያወጣችሁትን ፍየልና ግመል ከሚጠጡበት ቦታ አታፍስሱ፤ ሕፃን ቀምሶት ብታገኙም ደኅና መስሎ ቢታያችሁ እንኳ፥ ጀሪካኑን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።