የእናቴ መስቀልና ጠገራ ብር
ትናንት የእናቴን የአንገት መስቀል ሳጸዳ የድሮው የታሪክ መምህርነቴ ተነሳብኝ። አንጥረኞቻችን ብዙውን የብር ጌጥ የሚሠሩት ማርትሬዛውን ጠገራ ብር አቅልጠው ነበር። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል የታተመበት ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። አየር ውስጥ ያለው ድኝ ሲይዘው ይጠቁራል።

እናቴ በየበዓሉ ዋዜማ በአመድና በሎሚ ትፈገፍገው ነበር። ያበራል! ግን አመድ ይሞርዳል። የአንጥረኛው ቅርጽ ዛሬ በጭንቅ ነው የሚታየው።

እኔ ሳህን ላይ ፎይል አነጠፍኩ፤ መስቀሉን አስቀምጬ ቤኪንግ ሶዳና የፈላ ውሃ ጨመርኩበት። ድኙ ወደ ፎይሉ ይሄዳል፣ ብሩ እዚያው ይቀራል።

ልጆች፣ የእናቶቻችሁን ጌጥ አትፈግፍጉት። የሚፋቀው እድፉ ብቻ አይደለም፤ የሠሪው እጅም አብሮ ይፋቃል።