ዙፋኑ ቢወርድም ደጅ ጥናቱ አልቀረም

ባለጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» ሲባል የዛሬውን ቢሮክራሲ እንረግማለን። የችግሩ ሥር ግን ሩቅ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በኋላ መዋቅሩን አሰፉት። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የሚኒስትሮች ሥልጣን በትእዛዝ ተወሰነ። ወረቀቱን ላየ ሰው ነገሩ ዘመናዊ መንግሥት ነው።

ሥልጣኑ የሚመነጨው ግን ከቤተ መንግሥት ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሚኒስቴሮችን አደረጃጀት መወሰን፣ ሹማምንትን መሾም፣ ማዛወርና መሻር የንጉሠ ነገሥቱ መብት አድርጎታል። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ በ1947 ዓ.ም. ከጽሕፈት ሚኒስትርነት ተነሥተው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። ፍርድ ቤት የተረታ ሰውም ዙፋን ችሎት አቤት ማለት ይችል ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ብልህ ሹም አይወስንም፤ ጉዳዩን ወደ ላይ ይመራል።

ያው ዘመን ሌላም ውርስ ትቶልናል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ። የመሬቱና የቤተሰቡ ጉዳይ በኋላ ቢለወጥም፣ የውል ድንጋጌዎቹ ደርግንም ኢሕአዴግንም ተሻግረው ዛሬም ችሎት ላይ ይጠቀሳሉ። አንቀጽ 1678 የተዋዋዮችን ችሎታና ፈቃድ ሲጠይቅ ቤተ መንግሥት ማን እንዳለ አይጠይቅም። የቆየውም ለዚህ ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ። መሰላሉን ግን አላፈረሰም፤ አናቱ ላይ ሊቀመንበር አስቀመጠበት። ከዚያ ወዲህም ፓርቲ ተቀመጠበት። «ሹም ሽር» የሚለው ቃል ዛሬም ዜና ነው፤ «የበላይ አካል እስኪወስን» የሚለው መልስም እንዲሁ።

ከ50 ዓመት በኋላ ሁሉን በንጉሡ ማላከክ አያዋጣም፤ የመጣው ሁሉ መሰላሉ ስለተመቸው አቆይቶታል። ስለዚህ «ለውጥ መጣ» ሲባል አዲስ የተሾመውን ሰው አንቁጠር። በሕግ በተሰጠው ሥልጣን የወሰነ የወረዳ ባለሙያ፣ አለቃው ቢቆጣም ወንበሩ ላይ ይቆያል ወይ? ለዚህ አዎ ማለት እስክንችል ድረስ ደጅ እንጠናለን።