ካታማራን የማን ጀልባ ናት?

ዛሬ የምናወራው ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ጀልባ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከዛንዚባር፣ ከሞሪሸስ ወይም ከሃዋይ የሚለጠፉትን ፎቶዎች አይታችኋል አይደል? ነጭ ጀልባ፣ ከፊት ለፊቷ ሰው የሚተኛበት የተወጠረ መረብ፣ ከሥሩ መስታወት የመሰለ ውሃ። ጠዋት ይሳፈራሉ፤ ደሴት ዳር ሲደርሱ ይዋኛሉ፤ የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ፤ አሸዋው ላይ ጋደም ይላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳሉ። የዚህች ጀልባ ስም ካታማራን ይባላል። ለአንድ ቀን ሽርሽር ከሷ የተሻለ ጀልባ ማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። ካታማራን አንድ ሰፊ ሆድ የላትም። ሁለት ረጃጅምና ጠባብ አካሎች ጎን ለጎን ቆመው በማገር ተያይዘዋል። ጠባብ ስለሆኑ ውሃውን በቀላሉ ይሰነጥቃሉ፤ ተራርቀው ስለቆሙ ደግሞ ጀልባዋ እንደ ሌላው ባለሸራ ወደ ጎን አትዘምም። እንዳትገለበጥ ብለው ከሥሯ ከባድ ብረት አያስሩባትም። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እየተንሳፈፈች አሸዋው ድረስ ትጠጋለች። ሰውም ዘሎ ይወርዳል።

እሺ፣ ይህን የፈለሰፈው ማን ነው? ብዙ ሰው «የሆነ የፈረንጅ መሐንዲስ» ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ቃሉ የታሚሎች ነው፤ በደቡብ ሕንድና በስሪላንካ የሚነገር ቋንቋ ነው። «ካቱ» ማሰር፣ «ማራም» እንጨት። ካቱማራም ማለት እንግዲህ የታሰረ እንጨት ነው። በሕንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ግንዶችን ጎን ለጎን በገመድ አስረው ወደ ባሕር ይወጡ ነበር። የኛ የጣና ታንኳ ደንገል ታስሮ እንደሚሠራው ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንግሊዛውያን ተጓዦች ቃሉን ሰምተው ወደ ቋንቋቸው አስገቡት። በኋላ ግን ስሙ ከባለቤቱ ተለይቶ ሄደና ሁለት አካል ላላት ባለሸራ ጀልባ ተሰጠ። እሷ ደግሞ የታሚሎች አይደለችም። ስሙ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ አካሉ ከፓስፊክ የመጣ ነው በሉት።

ካርታ ያላችሁ ፓስፊክን አውጡ። ከላይ ሃዋይ፣ ከታች በግራ ኒውዚላንድ፣ በቀኝ ጥግ ራፓ ኑይ (ኢስተር ደሴት የሚሏት)። ሦስቱን በመስመር ብታገናኙ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ፖሊኔዥያ የሚባለው እሱ ነው። አብዛኛው ውሃ ነው። ደሴቶቹ ጥልፍ ላይ እንደተረሱ ነጠብጣቦች ናቸው። አውሮፓውያን ሲደርሱ ግን ከጥቂቶቹ በስተቀር በሁሉም ላይ ሰው አገኙ፤ ያውም ተቀራራቢ ቋንቋ የሚናገር ሰው። የነዚህ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ከታይዋን ተነስተው በፊሊፒንስ በኩል ወረዱ፤ ከዛሬ 3000 ዓመት ገደማ በፊት ፊጂ፣ ቶንጋና ሳሞአ ደረሱ። ከብዙ መቶ ዓመታት ቆይታ በኋላ ደግሞ እንደገና ተነሱና ታሂቲን፣ ሃዋይን፣ ራፓ ኑይን፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ኒውዚላንድን ያዙ። የተጓዙባት ጀልባ ሁለት ታንኳ ተጣምራ የተሠራች ነበረች። ሚስማር የላትም። ከኮኮናት ቃጫ በተፈተለ ገመድ የተሰፋችና የታሰረች ናት። ማዕበል ሲመታት ትንሽ እጥፍ ዘርጋ ስለምትል አትሰበርም። ላይዋ ላይ ሰው፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ፣ የሚተከል ችግኝ ይጫናል። ለሽርሽር የወጡ አልነበሩም፤ አገር ሊያቀኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1769 እንግሊዛዊው ካፒቴን ኩክ ታሂቲ ሲደርስ ቱፓያ የሚባል ካህንና የባሕር መሪ መርከቡ ላይ ተሳፈረ። ቱፓያ ከ70 በላይ ደሴቶች ያሉበት ካርታ ለእንግሊዞቹ አሳያቸው። ኒውዚላንድ ሲደርሱ ደግሞ ማኦሪዎች የሱን ንግግር ተረዱት። እስቲ አስቡት፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ አለ! ኩክ ራሱ እነዚህ ሰዎች አንድ ሕዝብ መሆናቸውንና ከደሴት ወደ ደሴት በባሕር መጓዛቸውን ተረድቶ ጽፏል። ቱፓያ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1770፣ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ውስጥ ታሞ ሞተ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው የሚያሳዝነው። ሃዋይ ውስጥ የረጅም ርቀት ጉዞው ቀድሞም ቆሞ ነበር። ከመርከበኞች ጋር የገባው በሽታ ሕዝቡን ጨረሰው። በ1893 ንግሥት ሊሊኡካላኒ ከዙፋኗ ተገለበጠች፤ በ1896 የትምህርት ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ፤ በ1898 ደግሞ አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። ልጁ አያቱን በደንብ መስማት ካቃተው፣ አያት የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው መቀበሩ ነው።

በዚሁ ዘመን ጀልባዋ በሌላ አገር እንደ አዲስ ተወለደች። በ1876 ናትናኤል ኸረሾፍ የሚባል አሜሪካዊ የጀልባ ሠሪ «አማሪሊስ» የተባለች ሁለት አካል ያላት ጀልባ ይዞ ኒውዮርክ ውድድር ገባ። የባለጠጎቹን ጀልባዎች ጥላቸው ሄደች። ምን አደረጉ? ተቃውሞ አስገቡና ውጤቷን አሰረዙ። ኸረሾፍ በማግሥቱ ዓመት የፈጠራ መብት አወጣ፤ እንግዲህ ለሺህ ዓመታት ውቅያኖስ ስታቋርጥ በኖረች አሠራር ላይ መሆኑ ነው። ጎበዝ ሠሪ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን መጀመሪያ የሠሯት ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ የለም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ዓመቱን ያዙልኝ፤ 1947።

በዚያ ዓመት ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ «ኮን ቲኪ» በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነስቶ በ101 ቀናት ፖሊኔዥያ ደረሰ። ሲነሳ ጎታች ጀልባ ከወደቡ አውጥታ ባሕሩ መሐል ትታዋለች፤ ከዚያ ነፋስና የውሃው ሞገድ ወሰደው። ሐሳቡም ይህ ነበር፦ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚነፍስ እነዚህን ደሴቶች የሞሏቸው ሰዎች ከደቡብ አሜሪካ በሞገድ የመጡ መሆን አለባቸው። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ፊልሙ ኦስካር ተሸለመ። በ1956 ደግሞ አንድሩ ሻርፕ የሚባል የኒውዚላንድ ጸሐፊ መጥቶ «አይ፣ ከምዕራብ መጥተዋል፤ ግን አስበው ሳይሆን ነፋስ ጥሏቸው ነው። ያለ መሣሪያ እንዲህ ርቆ አቅጣጫ መያዝ አይቻልም» የሚል ክርክር አቀረበ። ሁለቱ አይስማሙም። አንድ ነገር ላይ ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ባሕሩን እንጂ ሰውዬውን አላዩም።

በዚያው በ1947 ሃዋይ ውስጥ ምን እየተሠራ ነበር መሰላችሁ? ዉዲ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ በጦርነቱ ጊዜ ክሪስማስ ደሴት ላይ ለሥራ በነበረበት ወቅት የአካባቢው ሰዎች ሁለት አካል ባላት ጀልባቸው እየከነፉ ሲሄዱ አይቶ ተደንቆ ነበር። ወደ ሃዋይ ተመልሶ ከአልፍሬድ ኩማላኤና ከሩዲ ቾይ ጋር «ማኑ ካይ» የምትባል ጀልባ ሠሩ። ስሟ የባሕር ወፍ ማለት ነው። ዋይኪኪ ዳርቻ ላይ ቱሪስት እየጫነች ትወጣና ትመለስ ጀመር። ዛሬ የምናያቸው የሽርሽር ካታማራኖች የዘር ሐረግ ከሷ ይሳባል። እና ነገሩን እዩት እንግዲህ፤ ምሁራኑ «ፖሊኔዥያውያን ይህን ውቅያኖስ አስበው ሊያቋርጡት አይችሉም» እያሉ ሲከራከሩ፣ ማስረጃዋ ቱሪስት ጭና በፊታቸው ትመላለስ ነበር። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ፤ በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ካየነው «የታሰረ እንጨት» የነበረችው የሄየርዳል ታንኳ ናት!

ክርክሩ በወረቀት አላለቀም። በ1973 ሃዋይ ውስጥ የፖሊኔዥያ የባሕር ጉዞ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1975 «ሆኩሌአ» የተባለች 19 ሜትር የምትረዝም ጥንድ ታንኳ ባሕር ላይ ወጣች። ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ሰዓት ከሃዋይ ታሂቲ ልትሄድ ነው፤ 4000 ኪሎ ሜትር ያህል። ግን ማን ይምራት? በመላው ሃዋይ ይህን ጥበብ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ፍለጋው ማይክሮኔዥያ ውስጥ ሳታዋል የምትባል፣ በእግር ቶሎ የምትዳረስ ትንሽ ደሴት ላይ አደረሳቸው። እዚያ ማው ፒያይሉግ አለ። ገና ሕፃን ሳለ አያቱ የማዕበሉን ስሜት እንዲለምድ ባሕር ዳር በታቆረ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ድንጋይ በክብ ደርድረው እያንዳንዱ ኮከብ ከየት ወጥቶ የት እንደሚጠልቅ አስጠንተውታል። ሰማይ በደመና ሲሸፈን ጀልባዋ ውስጥ ጋደም ብሎ ማዕበሉ ከየት እንደሚመታት በሰውነቱ ያውቃል። ማታ ወደ ጎጆዋ የምትመለስ ወፍ ካየ መሬት በየት በኩል እንዳለ ይገባዋል።

በግንቦት 1976 ተነሱ። ማው በዚያ መስመር ሄዶ አያውቅም፤ ከምድር ወገብ በታች የሰሜን ኮከብ እንኳ ይጠፋል። ከአንድ ወር ጉዞ በኋላ ታሂቲ ሲገቡ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። «በነፋስ ተጥለው ነው» የሚለው ክርክር እዚያ ወደብ ላይ ተሸነፈ። የዛሬው የዘረመል ጥናትም መነሻቸው ከእስያ ወገን መሆኑን ያረጋግጣል። ከደቡብ አሜሪካ ሰዎች ጋር መገናኘታቸውም ታውቋል፤ ስኳር ድንች በደሴቶቹ መገኘቱ አንዱ ምስክር ነው። ግንኙነቱ ግን የሄየርዳልን ሐሳብ አያድነውም።

ለኔ እንደ መምህር ትልቁ ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማው በመርከበኞቹ ጠብ ተከፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1978 ሆኩሌአ ያለ እሱ ወጥታ በማዕበል ተገለበጠች፤ ኤዲ አይካው የሚባለው ታዋቂ የባሕር ነፍስ አድን ሠራተኛ ጓደኞቹን ለማስረፍ በሰርፍ ሰሌዳው እርዳታ ፍለጋ እንደሄደ ቀረ። ከዚህ ሐዘን በኋላ ናይኖአ ቶምሰን የሚባል ወጣት ሃዋያዊ ማው ጋ ሄዶ አስተምረኝ አለው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጥበቡ ከቤተሰብ የማይወጣ ምሥጢር ነበር፤ ለባዕድ መስጠት በአገሩ ያስወቅሳል። ማው ግን የደሴቱ ልጆች ፊታቸውን ወደ ሌላ ማዞራቸውን እያየ ነበር። ምሥጢሩን ጠብቆ ይዞት ከሚሞት ሰጥቶት እንዲኖር መረጠ። ተወቀሰም፤ አስተማረም። አንድ ቀን ናይኖአን ባሕር ዳር አቁሞ ታሂቲ ትታይሃለች ወይ ብሎ ጠየቀው ይባላል። ልጁ በዓይኔ አላያትም፣ በልቤ ግን ምስሏ አለ ብሎ መለሰ። ማውም ያንን ምስል ከጣልክ ትጠፋለህ አለው። በ1980 ናይኖአ ራሱ መርቶ ታሂቲ ደርሶ ተመለሰ፤ ከዘመናት በኋላ የመጀመሪያው ሃዋያዊ። በ2007 ማው ናይኖአን ጨምሮ አምስት ሃዋያውያንን በሳታዋል ሥርዓት የባሕር መሪነት ማዕረግ ሰጣቸው። በ2010 ዐረፈ። ሆኩሌአ ግን አላረፈችም፤ ዓለምን ስትዞር በ2015 ሞሪሸስ ደርሳ፣ ደቡብ አፍሪካን ዞራ አለፈች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለምንድነው? ክፍል ውስጥ «መምህር፣ ላሊበላን የሠሩት ቴምፕላር የሚባሉ የፈረንጅ ወታደሮች ናቸው ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚመጣብኝ ነው። አይደለም። ድንጋይ ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ማነፅ በትግራይም በሌላውም አካባቢ የነበረ ጥበብ ነው፤ የላሊበላ መስኮቶችና በሮች ላይ የአክሱም አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ጥያቄው ራሱ ከየት እንደሚመጣ አስተውሉ። ሥራው ይደነቅና ሠሪው ይጠረጠራል። «እነዚህ ሰዎች ይህን ሊሠሩ አይችሉም» የሚለው አባባል ከፓስፊክ እስከ ላስታ አንድ ዓይነት ነው። መልሱም አንድ ዓይነት ይመስለኛል። መቆጣት አይበቃም፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ አጠገቡ ተቀምጦ መማር ያስፈልጋል። ሃዋያውያን ክርክሩን የረቱት በቁጣ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ቀርቶላቸው ስለነበር ነው።

ካታማራን ላይ የመውጣት ዕድል ያገኛችሁ ተዝናኑ፤ ፎቶም ላኩልን። መረቡ ላይ ስትጋደሙ ሁለቱን አካሎች ያያያዘውን ማገር ልብ ብላችሁ እዩት።

የቤት ሥራ አለ (መምህር ነኝ፣ ምን ላድርግ)፦ በአካባቢያችሁ ታንኳ ማሰር፣ ብራና መዳመጥ፣ ብረት ማቅለጥ፣ ኮከብ ቆጥሮ የዘር ወቅት ማወቅ፣ ሌላም ቢሆን፣ ማንም ወጣት ያልተማረውን ሙያ የሚያውቅ አዛውንት ካለ ከታች ጻፉልኝ። ምን እንደሚያውቁና ማን እየተማረላቸው እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። «ማንም» ከሆነ መልሱ፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።