ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፦ ለቡ ግቢያችን ውስጥ ስላለችው አሮጌ ጉዚ

ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ የሚያያቸውን ነገሮች አስቡ። ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። ሦስቱም ጣልያንኛ ናቸው። ታርጋ ያው ራሱ ታርጋ ነው። ሊብሬ "ሊብሬቶ" ከሚለው ነው የመጣው፤ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። ቦሎ ደግሞ ማኅተም፣ ቴምብር። 5 ዓመት ተቀምጦ የተባረረ ወራሪ ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እኛ ግን መንገድ ላይ ለመውጣት እስከ ዛሬ በሱ ቋንቋ ነው ሕጋዊ የምንሆነው።

ይሄን የማነሳው ባለፉት ወራት እዚህ የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች አይታችሁ "የሞተሯን ታሪክ ጻፍልን" ስላላችሁኝ ነው። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ክፍል ውስጥ ስትተኙብኝ የነበረውን ታሪክ አሁን በፈቃዳችሁ ጠይቃችሁኛልና ዕድሉን አላሳልፍም። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሞተሯ ሞቶ ጉዚ ናት። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 500 ሲሲ። የተገኘችው ደብረ ሲና አካባቢ ከአንድ ቤተሰብ ግቢ ነው፤ ዶሮዎች ሲያድሩባት ኖረዋል። ለቡ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰው እንሰበሰብባታለን፦ እኔ፣ ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ፣ አንድ ኤሌክትሪሻን፣ እና ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው የ78 ዓመት ጡረተኛ መካኒክ። (ባለቤቴ "ግቢዬ ጋራዥ ሆነ" ማለቱን ትታ አሁን "ዛሬስ ትነሳለች?" ማለት ጀምራለች። ይሄ ትልቅ ድል ነው።)

መጀመሪያ የፋብሪካውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያምራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣልያን ጦር ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ካርሎ ጉዚ መካኒክ፣ ጆርጆ ፓሮዲና ጆቫኒ ራቬሊ ደግሞ አብራሪዎች። ጦርነቱ ሲያልቅ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ እናቋቁማለን ተባባሉ። ጉዚ ይሠራል፣ ፓሮዲ ከቤተሰቡ ገንዘብ ያመጣል፣ ራቬሊ ውድድር እየተወዳደረ ስም ያስጠራል። ራቬሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሁለቱ በ1921 ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ የምትባል ከተማ ፋብሪካውን ከፈቱ፤ ለሟቹ ጓደኛቸው መታሰቢያ የአብራሪዎቹን ንስር ምልክታቸው አደረጉት። የኛይቱ ታንከር ላይ ዝገቱን ስንፍቅ መጀመሪያ የታየን የዚያ ንስር ክንፍ ነው።

አሠራሯም ለየት ይላል። ሲሊንደሩ እንደሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ፊት ተኝቷል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት እንዲያገኘው። ሌሎች ፋብሪካዎች ሆድ ውስጥ የሚደብቁት ቮላኖ ውጭ ነው ያለው፣ ሲዞር ይታያል። ጣልያኖች ሥጋ ቤት ካለው የሥጋ መክተፊያ ማሽን ጋር አመሳስለው ቀልደውበታል። በእርግጥም ሱሪ እግር ሰፊ የሆነ ሰው ባይጠጋት ይሻላል። የኋላ ጎማዋን የሚሸከሙት ሱስታዎች ደግሞ ከሞተሩ ሥር ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ኤሌክትሪሻኑ ጓደኛችን ሳጥኑን ከፍቶ ሲያያቸው "እነዚህ ሰዎች ፍራሽ ነው እንዴ የሠሩት" አለ።

ቀለሟን ስንፍቅ ግን ጨዋታው ተቀየረ። ላይኛው ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከሱ ሥር ግራጫ የሆነ አረንጓዴ ወጣ። የጦር ቀለም። ባንክ የሚሠራው ጓደኛዬ የፍቅፋቂውን ወረቀት አስቀመጠና እጁን ታጠበ። አያቱ ሸዋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የነበሩ አርበኛ ናቸው። "ይቺን አሳምሬ ለማን ነው የማስነሳው?" አለ። የዚያን ቀን ሥራው ቆመ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ታሪኩን እንየው።

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አገራችን የገባው በጣልያን አይደለም። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌ መኪናውን በበረሃ አሳብሮ ለአጼ ምኒልክ ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳዩ ባቡር ደግሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ "ለገሀር" የሚለውን ስም፣ "ሹፌር"ን፣ "ጋራዥ"ን ያወረሰን ያ ዘመን ነው። ነገር ግን እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት፣ የኤምባሲና የነጋዴ ነገር ነበር። ብዙው ሕዝብ ሞተርን በብዛት ያየው ሊወጋው ሲመጣ ነው።

ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ተነስቶ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ጣልያኖች ጉዞውን "የብረት ፈቃድ" ሲሉ ሰየሙት። ብረቱ ግን ጣርማ በር ላይ ቆመ። የኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር፣ ያ ሁሉ መኪና በዝናብና በጭቃ ሁለት ቀን ያህል ተገትሮ ወታደሩ በአካፋ መንገድ ሲሠራ ነበር። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። በኋላ እዚያው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ ሰረሰሩ። ወደ ደሴ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዚያችን ስትኖርበት የነበረው ግቢ ከዚያ ዋሻ ቁልቁል ነው።

ከዚያ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አለ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የመዘገበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ጎጆዎቹ የተቃጠሉት ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ነው። ለዚህ ነው ጓደኛዬን "ቀለም ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል" ልለው ያልቻልኩት። ሞተርና ቤንዚን ለዚያ ትውልድ ሥልጣኔ ሆኖ አይደለም የተዋወቀው።

በሳምንቱ የመጣ አልመሰለኝም ነበር፤ መጣ። ጋሼ ናቸው ነገሩን ያነሱት። ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ እያጸዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ልጄ፣ አያትህ በምን ጠመንጃ ነው የተዋጉት?" አሉት።

"የተማረከ ነው። የጣልያን።"

"ጥለውት ሄዱ?"

"እቤት ተሰቅሎ ነበር፣ እስከ ደርግ።"

"በል ፒንሳዋን አቀብለኝ።"

አቀበላቸው።

እኔ የምለው ይሄን ነው። አምስት ዓመት የተዋጋ አርበኛ የጠላቱን መሣሪያ "የጠላት ነው" ብሎ አልጣለም፤ ማርኮ ተኮሰበት። ከነጻነት በኋላም መንግሥት እንደዚያው አደረገ። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ጣልያኖች ትተዋቸው በሄዱ የጭነት መኪናዎች ነው፤ ተስተካክለው ሰው መጫኛ ሆኑ። እስቲ አስቡት፣ ወታደር ያመላለሰ መኪና በጥቂት ዓመት ውስጥ ተማሪና የገበያ ሰው ሲያመላልስ። ከጣልያኖቹም የቀሩ ነበሩ። እንግሊዞች ሁሉም ይውጡ ሲሉ ንጉሡ ባለሙያዎቹን ማስቀረት ፈለጉ፤ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ አናጢው ቀረ፣ ጋራዥ ከፈተ፣ ከኛ ልጆች ረዳት ቀጠረ።

የጋራዣችን አማርኛ የተወለደው እዚያ ነው። ጋሼ ሥራ የጀመሩት በ14 ዓመታቸው፣ ካዛንቺስ አጠገብ የአንድ ጣልያናዊ ረዳት ሆነው ነው (ካዛንቺስም ራሱ የጣልያን መንግሥት ሠራተኞች የቤቶች ድርጅት ስም ነው፤ "ካዜ ኢንቺስ")። ሰውየው አማርኛ አይችልም፣ እሳቸው ጣልያንኛ አይችሉም። ዕቃውን እየጠራ ያሳያቸዋል፣ ካላቀበሉት ይቆጣል። በስድስት ወር ቋንቋው ገባቸው። እስቲ የእኛን ቅዳሜ ስሙት፦ "ሞርሳው ላይ እሰረው፣ ካቻቢቴውን ስጠኝ፣ ቡሎኑን ፍታው፣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል፣ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ ቶርኖ ቤት ውሰደው።" ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ፣ ሞተሪኖ። የመኪና ጣሪያ ላይ ዕቃ የምንጭንበት "ፖርቶመጋላ" ደግሞ የኔ ተወዳጅ ነው። "ፖርታባጋሊ" የሚለው ቃል አማርኛ አፍ ውስጥ ገብቶ መጋላ፣ ማለትም ገበያ፣ ይዞ ወጣ።

ቃላቱም ተማርከው ነው የቀሩት እላለሁ። ዛሬ ሚላን ውስጥ "ፖርቶመጋላ" ብትሉ የሚገባው የለም። የእኛ ሆኗል። እዚሁ ለቡ ታክሲ ረዳቱ "ቫርኔሮ! ቫርኔሮ!" ብሎ ሲጣራ የጣልያን ስም እየጠራሁ ነው ብሎ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ፒስተኑ ተጣብቆ ነበር። በናፍጣና በፍሬን ዘይት ድብልቅ ሦስት ሳምንት ነከርነው፤ በየቅዳሜው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን መታ መታ ስናደርገው በአራተኛው ሳምንት እንደ ክራክ ያለ ድምፅ አሰምቶ ለቀቀ። ጓርኒሲዮኖቹን ከወረቀትና ከመዳብ ላሜራ በመቀስ ቆርጠን ሠራናቸው። ማግኔቶው፣ ማለትም ያለ ባትሪ እሳት የሚያመነጨው ክፍል፣ ማግኔቱ ደክሞ ነበር፤ ኤሌክትሪሻኑ ሽቦውን በእጁ ጠመጠመው፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀበት፣ ማንም እንዲያናግረው አልፈቀደም።

ካርቡራተሩ ግን ትምህርት ነበረው። ማንዴሎ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ገደማ ናት። ለቡ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ጂግለር፣ ያቺ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ያላት ነሐስ፣ ከሠራን ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ያንሳል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይሆናል፣ ጭሱ ጥቁር። ስለዚህ ጠበብ ያለች ጂግለር ያስፈልጋል። ባዶልዮ ጣርማ በር ላይ ያቆመው ጭቃው ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ያ ሁሉ ለሜዳ የተሠራ ሞተር 3,000 ሜትር ላይ ሩቡን ያህል ጉልበቱን ትቶ ነው የወጣው።

ጉዚያችን የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ተነሳች። በ17ኛው እርግጫ። ድምጿ ከዘመኑ ሞተሮች ጋር አይገናኝም፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለች እያንዳንዱን ምት ትቆጥሩላታላችሁ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። አንዱ "ባጃጅ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሳቅን እንጂ ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ቬስፓን የሠራው የጣልያኑ ፒያጆ በ1948 እ.ኤ.አ. አፔ የምትባል ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ የሕንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ መሥራት ጀመረ፤ የሕንዱ ሥራ ዞሮ እኛ ከተሞች ገባ። ጣልያን በፊት ለፊት በር ተባርሮ በቦምቤይ በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው፣ ያውም ተሳፋሪ ይዞ።

መንገድ ላይ ስለማውጣት ለምትጠይቁኝ፦ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል፤ ታርጋም ሊብሬም ቦሎም የላትም። በግቢ ውስጥ አምስት ሜትር ወደፊት፣ አምስት ሜትር ወደኋላ ነው የምትሄደው፤ ወደኋላውን የምንገፋት እኛ ነን።

ቀለሙን በተመለከተ ተስማምተናል። የጦር ቀለሙ አይመለስም። ጥቁር ቀይ እንቀባታለን፣ በሰላሙ ጊዜ ጉዚዎች ይቀቡት የነበረው ዓይነት። ከታንከሩ ሥር ግን መዳፍ የምታክል ቦታ ሳትቀባ ትቀራለች፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ግራጫ አረንጓዴው ተደራርበው እንዲታዩ። ሐሳቡ የባንኩ ጓደኛዬ ነው። መለኪያውንም በራሱ መዳፍ ነው የለካው።

አሁን የጎደለን የፊት ቸርኬ ነው፣ 19 ኢንች፣ ያለን ተሰንጥቋል። መርካቶ ምን አለሽ ተራን ሁለት ጊዜ ዞረናል። ከአያቱ ግቢ፣ ከእህል ጎተራ ጀርባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጥሎ ያየ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ፎቶ ይላክልኝ። ዝገት አያሳስባችሁ።