ቅጠሉን አፈር የሚያደርገው ማነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወደቀ ቅጠል ነው። ቅጠል ወድቆ አፈር እንደሚሆን አገር ቤት ያረሰ ሁሉ ያውቃል። ማን አፈር እንደሚያደርገው ለመመርመር ግን የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ታሪኩን ከአንድ አጎት ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1837 ቻርልስ ዳርዊን (ስሙን በሌላ ክርክር ሰምታችሁት ይሆናል) አጎቱን ሊጠይቅ ገጠር ሄደ። አጎቱ ጆሳያ ዌጅዉድ ወደ ግጦሽ መሬቱ ወሰደውና ከዓመታት በፊት ሣሩ ላይ የተበተነ ኖራ ዛሬ ከሣሩ ሥር ወርዶ እንደሚገኝ አሳየው። ይህ የመሬት ትል ሥራ ነው ብሎ የጠረጠረውም አጎትዬው ነው። ዳርዊን ኋላ የዚሁን አጎት ልጅ አገባ። ሰባት ቤት ቆጥረን ለምንጋባ ለእኛ ይህ ለመስማትም ይከብዳል፣ እንለፈው።

ዳርዊን በ1842 ቤቱ አጠገብ ባለ ማሳ ላይ የኖራ ድንጋይ ስባሪ በተነ። 29 ዓመት ጠብቆ ሲያስቆፍር ኖራው 18 ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። ትሎቹ ከሥር አፈር እየዋጡ ላይ ሲያራግፉት ኖረዋል ማለት ነው። ማታ ማታ ደግሞ ቅጠሉን በጫፉ ይዘው ወደ ጉድጓዳቸው ሲጎትቱ አየ። በ1881 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ በብዙ ቦታ በአራት ዱናም መሬት በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትል ሆድ ያልፋል ብሎ አሰላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ በሥራዬ ከምሞላቸው ቅጾች ላይ «የትምህርት ዓመት» የሚል ቦታ አለ። ለብዙ አባቶቻችን እዚያ የሚጻፈው 0 ነው። ያ አጎት የትሉን ሥራ ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን መሬቱን እያየ ነው። ቅጠሉ መሬቱን ያወፍራል ብሎ ብሳናውን ከማሳው እንዳይቆረጥ የሚከለክል ገበሬም እንዲሁ ነው ያወቀው። ልጆቻችን ያንን 0 አይተው እንዳያምኑት እፈራለሁ።

ከዳርዊን መጽሐፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ሙለር የሚባል የዴንማርክ የደን ባለሙያ አንድ ዓይነት ዛፍ ባለበት ደን ሁለት ዓይነት መሬት አገኘ። ትል ባለበት ቅጠሉ ተዋህዶ ልል ጥቁር አፈር ሆኗል፤ ትል በሌለበት እንደ ምንጣፍ ተነባብሮ ኮምጣጣ ሆኖ ተቀምጧል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ደግሞ እንግሊዞች ቅጠል በናይለን መረብ ከረጢት አድርገው ቀበሩ። የመረቡ ቀዳዳ ትል ሲያስገባ ቅጠሉ ቶሎ አለቀ፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ብቻ ሲገቡ ሥራው ተንቀረፈፈ። ትልቆቹ ይቆራርጣሉ፣ በዓይን የማይታዩት ይጨርሳሉ።

ቅጠሉም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አገር ቤት የገባውን ባሕር ዛፍ አስቡት። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ቶሎ አይበሰብስም፤ እሱንም እናቶቻችን ጠርገው ምጣድ ሥር ያነዱት ስለነበር መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። እዚህ ደግሞ ኦሬን አለ። ቶሎ ስለሚያድግና ድርቅ ስለሚችል በእንግሊዞች ዘመንም፣ መንግሥት ከቆመ በኋላም ተራራው በእሱ ተሸፈነ። ለቲዩል ያዕር ስትወጡ እግራችሁ ሥር የሚንኮሻኮሸው እንደ መርፌ የቀጠነ ቅጠል የብዙ ዓመት ክምር ነው። ሙጫና ሰም አለበት፣ ናይትሮጅን ያንሰዋል፣ በላተኛው ጥቂት ነው። በበጋ ለእሳት ማገዶ ይሆናል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መሆኑ ለተባይም አጋልጦት ብዙ ኦሬን ደርቋል። ቄሬን ካየሜት ዛሬ አሎን፣ ኤላና ሐሩቭ እየቀላቀለ የሚተክለው በከንቱ አይደለም።

መቀላቀሉ ለቅጠሉም ይበጃል። በ2014 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ እስከ ሞቃት አገሮች አምስት ቦታ ላይ ተሠርቶ፣ የቅጠሉ ዓይነትና የበላተኞቹ ዓይነት ሲቀንስ መበስበሱ እንደሚዘገይ አሳየ። ናይትሮጅን የሚያጠራቅም ተክል ቅጠል ለጎረቤቱ ቅጠል ያካፍላል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምንም ለውጥ የማያመጣ ድብልቅም አለ።

ዝናብ ብርቅ በሆነበት በኔጌቭስ? እዚያ የትሉን ሥራ ከሚሠሩት አንዷ ባለ 14 እግር፣ ከሸርጣን ዘመዶች የሆነች ትንሽ ፍጥረት ናት። ባልና ሚስት ሆነው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ልጆቻቸውን እዚያው ያሳድጋሉ፣ ደጃቸውን በተራ ይጠብቃሉ። ላይ ላዩ እሳት ቢሆንም ከሥር እርጥበት አለ፤ ደረቁን ቅጠል ወደዚያ ጎትተው ይበሉታል፣ ኩሱን አውጥተው ደጅ ይከምሩታል። ከፔሳሕ በኋላ ከቤር ሼቫ በታች ባለው ሜዳ ስትሄዱ በትንሽ ጉድጓድ አፍ ዙሪያ ጥቃቅን ክምር ካያችሁ፣ የእነሱ ቤት ሊሆን ይችላል።